በምህላ ቀን ያልተለካው ዝናብ

ባለፈው ዓመት ደሴ ላይ ለወጣት ጋዜጠኞች በተዘጋጀ ስልጠና ተጋብዤ ነበር። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እንዲህ ያለ ግብዣ ሲመጣ የማልቀረው ምሳውን ፈልጌ ነው እያልኩ እቀልዳለሁ። አንድ ባለሙያ ግድግዳው ላይ የሰሜን ወሎን ካርታ አበራና ሰው ሰራሽ አስተውሎት የየወረዳውን አዝመራ አስቀድሞ እንዴት እንደሚገምት አሳየን። ላስታ አረንጓዴ ነበር። አጠገቤ የተቀመጠች ወጣት ሪፖርተር ወደ ጆሮዬ ተጠግታ፣ «ጋሼ፣ በእናንተ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም፤ በግምት ነበር የምትሠሩት፣ አይደል?» አለችኝ።

«ነበር» አልኳት። «ላስታም አረንጓዴ ነበር።»

የቀረውን ለመንገር የሻይ ዕረፍቱ አልበቃም። እዚህ ልጻፈው።

ሥራ የጀመርኩት በደርግ ዘመን፣ ደሴ በነበረው የዜና ክፍል ነው። ደመወዙ ለአንድ ላጤ ይበቃል፤ ውሎ አበሉ ሁልጊዜ ዘግይቶ ይመጣል፤ ስለ እሱ ይህን ያህል ካልኩ ይበቃል። አለቃዬ ጋሽ ደምሴ ይባሉ ነበር። ቀጭን ሰው ናቸው፤ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው፤ ሲቆጡ አይቼ አላውቅም። ጽሑፍ ተቀምጠው አያነቡም። መስኮቱ አጠገብ ቆመው፣ ድምፅ አሰምተው ያነባሉ። «ተብሏል»፣ «ይነገራል»፣ «እንደሚታመነው» የሚል ቃል ላይ ሲደርሱ ንባባቸውን ያቆሙና፣ «ማን አየ?» ይላሉ። መልስ ካጡ በቀይ እርሳስ ሰርዘው ይቀጥላሉ። በመጀመሪያው ወር ከጻፍኩት ሁሉ ከቀዩ እርሳስ የተረፈው የከተማው ስምና የራሴ ስም ብቻ ነበር ብል ብዙ አላጋነንኩም።

ከእሳቸው ጋር ለሥራ ስወጣ ሁለት ልማድ ተማርኩ። አንደኛው፣ አዲስ ከተማ ሲገቡ መጀመሪያ የሚሄዱት ቢሮ አይደለም፤ ወፍጮ ቤት ነው። በሩ ላይ ቆመው ያዳምጣሉ። ወፍጮው ሳያቋርጥ ይሠራል ወይስ እየቆመ ይነሣል? ሴቶቹ ያመጡት በስልቻ ነው ወይስ በነጠላ ጫፍ የተቋጠረ እፍኝ ነው? የሚፈጨው ንጹሕ ገብስ ነው ወይስ እንክርዳድ ተቀላቅሎበታል? «ሹም ይዋሻል ማለቴ አይደለም» ይሉኝ ነበር። «ሹም የሰማውን ይነግርሃል። ወፍጮ ያለውን ይፈጫል።»

ሁለተኛው ልማዳቸው ከሹም ጋር አለመከራከር ነው። ባለሥልጣኑ የማይመስል ነገር ሲናገር ቀና ብለው፣ «አንዴ ይድገሙልኝ፤ እጄ ቀርፋፋ ነው» ይላሉ። ሰውየው ሲደግመው ነገሩ ትንሽ ይቀንሳል። ሦስተኛ ሲጠየቅ እውነቱ አካባቢ ይደርሳል።

ወገል ጤና ለብቻዬ የተላክሁበት የመጀመሪያው ቦታ ነው። በረዶ የአንድ ገበሬ ማህበር አዝመራ ሙሉ በሙሉ አወደመ የሚል ዜና ይዤ ተመለስኩ። ጋሽ ደምሴ ቆመው አነበቡና፣ «ሙሉ በሙሉ ስትል፣ ከዳር እስከ ዳር ሄደህ ነው?» አሉኝ። በማግስቱ በመጣሁበት መኪና መለሱኝ። በእግሬ ዞሬ ሳየው በረዶው እንደ መቀነት በጠባቡ ነው ያለፈው። የአንዱ ስንዴ መሬት ላይ ተኝቷል፤ የጎረቤቱ ቆሟል። የተመታው ሰው የተረፈለትን ጎረቤቱን ቀና ብሎ አያየውም። ዜናው ያ ነበር። ከዚያ በኋላ አንድ ማሳ አይቼ ስለ አንድ አገር ጽፌ አላውቅም።

ቀጥሎ ሙጃ ብዙ ወራት ቆየሁ። ብርዱ እስከ ዛሬ ጉልበቴ ውስጥ አለ። የዝናብ መለኪያ በቅርብ ያየሁት እዚያ ነው፤ አጥር ውስጥ የተተከለ የቆርቆሮ ጣሳ፣ ውስጡ ማጠራቀሚያ፣ ከጎኑ የመስታወት መለኪያ። የሙጃውን መለኪያ በሬ ገብቶ ረግጦት ተጣሞ ነበር። «ይጠገናል» ይባል ነበር። ማን እንደሚጠግነው አላወቅሁም።

ከሰባ ሰባቱ ድርቅ ወዲህ አዲስ አበባ ያሉ መሥሪያ ቤቶች አንድ ፍርሃት ያዛቸው፤ ዳግመኛ ሳያውቁ እንዳይያዙ። ከመካከላቸው አንዱ የክረምቱን ዝናብ አይቶ የመኸሩን አዝመራ እንዲገምትለት ኮምፒውተር አስገባ። ጋሽ ደምሴና እኔ ልናየው ሄድን። ክፍሉ ከቢሮዎቹ ሁሉ የቀዘቀዘ ነበር። ሥራውን የምትመራው ጽጌ የምትባል፣ ውጭ አገር ተምራ የተመለሰች ባለሙያ ነበረች፤ ሹራብ ደርባ ተቀበለችን።

«ሕግ አልጻፍኩለትም» አለችን። «ያለፉትን ዓመታት ዝናብና የየዓመቱን ምርት ጎን ለጎን ሰጠሁት። የትኛው ክረምት የትኛውን አዝመራ እንደሚያመጣ ራሱ ፈልጎ አገኘ። አሁን የዘንድሮውን ዝናብ ስሰጠው የትኛውን ክረምት እንደሚመስል ይነግረኛል።»

«እንደ አገር ሽማግሌ ማለት ነው» አሉ ጋሽ ደምሴ።

«እንደ አገር ሽማግሌ። ልዩነቱ ይሄኛው ጠላ ቅዱልኝ አይልም።»

ጋሽ ደምሴ ሳቁና፣ «ማን አየ?» አሏት።

«ምኑን?»

«ዝናቡን።»

«በየጣቢያው አንድ ለኪ አለ። ጠዋት ጠዋት ይለካል፣ በሬዲዮ ይልክልናል።»

«ሰውየው አንድ ቀን ቢታመምስ?»

«ፕሮግራሙ ባዶ ቦታ አይተውም። ካለፉት ዓመታት ተነሥቶ ራሱ ይሞላዋል።»

ብልህ ዘዴ መሰለን። ነበርም። አንድ ሰው አንድ ቀን ቢታመም፣ መስከረም መስከረምን ይመስላል፣ ሐምሌም ሐምሌን። በዚያው ዓመት ማሽኑ በራያ ቆላ ማሽላው አይደርስም ብሎ አስጠነቀቀ። እንዳረጋግጥ ተልኬ ሄድኩ፤ ማሽላው ዛላ ሳያወጣ ተቃጥሎ አገኘሁት። ሰው ከቀዬው ሳይነቀል እህል ደረሰ። ይህንን በደስታ ነው የጻፍኩት፤ ዛሬም ቢሆን አልደብቀውም። ማሽኑ የታመነው ስለሠራ ነው።

በሚቀጥለው ዓመት ነሐሴ ላይ የወጣው መግለጫ ስለ ላስታ አንድ ቃል ይዞ ነበር፤ «መልካም»፤ ካርታው ላይም አረንጓዴ ተቀብታለች። ላሊበላ መጋዘን ውስጥ ለክፉ ቀን ተብሎ የተከማቸ እህል አለ። ላስታ መልካም ከሆነች እህሉ ቀይ ወደተቀባ፣ አዝመራው አይደርስም ወደተባለ ሌላ አውራጃ ይሂድ ተባለ። የጭነት መኪኖች ተላኩ፤ እኔም አብሬ ተላክሁ። የምጽፈው ዜና ርዕስ ከእኔ ቀድሞ ተዘጋጅቷል፤ ላስታ ከተረፋት ለወገኗ አካፈለች የሚል።

«ርዕሱ ቀድሞሃል» አሉኝ ጋሽ ደምሴ ሲሸኙኝ። «አንተ ዜናውን ፈልግ።»

ከጋሸና ተነሥተን ወደ ላሊበላ ስናቀና ሹፌሩ ደስ ብሎት ነበር። መስታወቱን ዝቅ አድርጎ ክንዱን አውጥቷል።

«በነሐሴ በዚህ መንገድ ስገባ የመጀመሪያዬ ነው» አለኝ። «ሌላ ጊዜ ሰኔ ላይ ጭቃው ይዘጋዋል፣ እስከ ጥቅምት ማን ይደፍረዋል! ዘንድሮ እንደ አስፋልት ነው።»

ዘወር ብዬ አየሁ። ከኋላችን የሚከተለው መኪና በአቧራ ተሸፍኖ አይታይም። በነሐሴ፣ በላስታ፣ አቧራ። ሹፌሩ ማውራቱን ቀጠለ። እኔ መስማት አቆምኩ።

ላሊበላ እንደደረስን ወፍጮ ቤት ሄድኩ። ሞተሩ ቆሟል። በሩ ላይ አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት ትንሽ ስልቻ ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ወይዘሮ አጸደ ይባላሉ፤ ከሙጃ በኩል ካለ ቀበሌ በእግራቸው የመጡ ናቸው።

«ባለወፍጮው የት ሄደ እማ?»

«አሸተን ማርያም። ሰው ሁሉ አሸተን ነው። ምህላ ላይ ናቸው።»

«እርስዎስ?»

«እኔማ አገሬ ለምኜ ለምኜ መጣሁ።» ስልቻቸውን መታ መታ አደረጉት። «ይቺን ላስፈጭ ብዬ። የመጀመሪያው ቡቃያ ሲደርቅ ዳግመኛ እዘራታለሁ ብዬ ያቆየኋት ዘር ናት። ዝናቡ እንቢ ካለ ዘር ምን ይጠብቃል? ልጆቹ ይብሏት።» ከዚያ ወደ መጋዘኑ የሚታጠፉትን መኪኖች አዩና ፊታቸው በራ። «እሰይ! እህል መጣልን?»

«ባዶ ናቸው እማ።»

«ባዶ ምን ሊያደርጉ መጡ?»

ነገርኳቸው።

«ተርፏችኋል ያለን ማነው?»

«አዲስ አበባ ያለ ማሽን ነው።»

«እንግዲያ ጎረቤቴ ነው የሚሆን» አሉ። «እሷም እኔን ባየች ቁጥር ተርፏታል ትላለች።»

ወደ አሸተን ወጣሁ። አቀበቱ ላይ በየማሳው እየገባሁ፣ አንዱን አይቼ ይበቃል ሳልል ከመንገዱ ግራና ቀኝ ርቄ እየሄድኩ አየሁ። ከሩቅ አረንጓዴ የሚመስል ነገር አለ፤ ሲቀርቡት በገብሱ መካከል የበቀለ አረም ነው። ገብሱ ራሱ ከጉልበት በታች ቀርቶ ቢጫ ሆኗል። ዛላውን በመዳፌ አሸሁት። ገለባ ብቻ ሆኖ በነፋስ ሄደ። ከሌላው ማሳ ሞከርኩ፤ ያው ነው። ከላይኛው ሞከርኩ፤ ያው ነው።

ከገዳሙ አጠገብ ያለው ሜዳ ሰው ሞልቶታል። አንዳንዱ ድንጋይ ትከሻው ላይ ጭኗል፣ አንዳንዱ በግንባሩ ተደፍቷል። አንድ ረጅም ሰው መቋሚያቸውን ይዘው እግዚኦታውን ይመራሉ፤ ሕዝቡ ይቀበላል። መሪጌታ ኅሩይ ናቸው። የላሊበላው ዝናብ ለኪም እሳቸው እንደሆኑ አውቃለሁ፤ ሥራውን የሰጧቸው ከከተማው ሰው ሁሉ እጃቸው የማይናወጥና ቃላቸው የማይታጠፍ ስለነበሩ ነው። ጸሎቱ እረፍት ሲያደርግ ከግንቡ ጥላ ሥር አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«የኔታ፣ ዛሬ ጠዋት ዝናቡን ማን ለካው?»

«የትኛውን ዝናብ?» አሉና ፈገግ አሉ። «ማንም።»

«ትናንትስ?»

ፈገግታቸው ጠፋ። «ከየት ነህ ልጄ?»

ማንነቴን ነገርኳቸው። መቋሚያቸውን መሬት ላይ አጋደሙ።

«ምህላ ላይ ነን። አየህ፣ ምህላ ይዞ መለኪያ መክፈት ማለት እየለመኑ የሰጪውን እጅ ማየት ነው። ሰጠኸን ወይ፣ ስንት ሰጠኸን ብሎ ፈጣሪን መፈታተን ነው። እንደዚያ እያደረግሁ እዚህ ቆሜ እግዚኦ ማለት አልችልም። ምህላው ሲፈታ እለካለሁ ብዬ ግቢውን ቆለፍኩት። ፍልሰታ ሲገባ። ከዚያ በፊትም ሐምሌ ውስጥ ሌላ ሱባኤ ይዘን ነበር፤ ያኔም እንዲሁ።»

«በሌላ ዓመትስ?»

«በሌላ ዓመት ዝናብ እያለ ምን ምህላ አለ? ያኔ አንድም ቀን አላጓድልም፤ የሚያውቅ ይመስክር።»

ጽጌ ያለችው ትዝ አለኝ፤ ፕሮግራሙ ባዶ ቦታ አይተውም። ነገሩ ግልጽ ሆነልኝ። በጥሩ ዓመት መለኪያው በየቀኑ ይነበባል። ዝናብ ሲጠፋ ሰው ምህላ ይወጣል። ምህላ ሲወጣ መለኪያው ይቆለፋል። ሲቆለፍ ማሽኑ ባዶውን በጥሩዎቹ ዓመታት ነሐሴ ይሞላዋል። አገሩ አጥብቆ በለመነ ቁጥር፣ አዲስ አበባ ላይ ዝናቡ እየበዛ ይሄዳል ማለት ነው። ከዚህ ሁሉ ውስጥ የዋሸ አንድም ሰው የለም።

ለመሪጌታው አስረዳኋቸው። ረጋ ብለው ሰሙኝ።

«መኪኖቹ ነገ ጠዋት ይጭናሉ» አልኳቸው። «በሬዲዮ ልናገር እችል ይሆናል። ግን መለኪያው ለምን እንዳልተነበበ ካልተናገርኩ የሚያምነኝ የለም። ከተናገርኩ ደግሞ…»

«ደግሞ ምን? ያስሩኛል?»

«ይችላሉ።»

«የእስር ቤቱ ጣሪያ ያፈስ ነበር» አሉ። «ዘንድሮ ምን አስፈራኝ!» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ስሜን አንሣ። ኅሩይ ቆልፎት ነው በል። እህሉ ይቅር» አሉኝ።

የአውራጃው አስተዳዳሪ ሻምበል ነበር፤ በእኔ ዕድሜ ያለ፣ እንቅልፍ ያጣ የሚመስል ሰው። በአካባቢው ሽምቅ ተዋጊዎች ስለነበሩ ሬዲዮውን የሚያስነካው ለወታደራዊ ጉዳይ ብቻ ነው። ጉዳዬን ነገርኩት።

«እህሉ ይጫናል» አለኝ። «አዝመራው መልካም ነው።»

«አንዴ ይድገሙልኝ፤ እጄ ቀርፋፋ ነው።»

«አዝመራው መልካም ነው ተብሏል።»

«ይቅርታ፣ አንድ ጊዜ ብቻ።»

ብዕሬን አየ፣ እኔን አየ። «መልካም ነው ብለው ልከውልኛል። እኔ ዓይን የለኝም? በየቀኑ አየዋለሁ። ግን ትዕዛዝ በሬዲዮ መጣ፤ የሚሻረው በሬዲዮ ነው።»

«እንግዲያ ሬዲዮውን ይፍቀዱልኝ።»

«አንድ ጊዜ። እኔ ቆሜ እየሰማሁ።»

ደሴን አገኘን። ጋሽ ደምሴ ተጠርተው እስኪመጡ ድረስ ሻምበሉ በክፍሉ ውስጥ ይመላለሳል። ድምፃቸው ሲመጣ ሰላምታ አላስቀደሙም።

«ማን አየ?»

«እኔ አየሁ። ከላሊበላ እስከ አሸተን ገብሱ ገለባ ነው። የዝናብ ለኪው መሪጌታ ኅሩይ ምህላ ላይ ስለሆኑ መለኪያውን ቆልፈውታል፤ ከፍልሰታ መግቢያ ጀምሮ አልተነበበም። ማሽኑ ራሱ ሞልቶት ነው።»

በስተኋላዬ የሻምበሉ እርምጃ ቆመ።

ጋሽ ደምሴ በሌላው እጃቸው ስልክ ይዘው ጽጌን አገኟት። እሷ የምትለውን በሬዲዮው እየደገሙ ይነግሩኛል። «ዜሮ ነው የላኩት ወይስ ምንም አልላኩም? ትላለች።»

«ምንም አልላኩም።»

«ዜሮና ዝምታ አንድ አይደለም ትላለች። ሌላ ጣቢያ በአቅራቢያው የለም ወይ? ትላለች።»

«የሙጃው ከተሰበረ ቆይቷል።»

«የሞላውን አውጥታ እንደገና ታስኬደዋለች። ማሽኑ ግን የሌሎች ሥራ ላይ ነው፤ ነገ ረፋድ ሳይሆን አይደርስም ትላለች።»

መኪኖቹ ጠዋት ይጭናሉ። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር። ሬዲዮው ሲዘጋ ሻምበሉ ወደ እኔ ዞሮ፣ «መሪጌታው የመንግሥት ሥራ ትቶ ምህላ ላይ ነው ስትል ሰምቻለሁ። ያልሰማሁ መምሰል አልችልም፤ ደሴም ሰምቷል» አለኝ። በዚያው ሰዓት ሚሊሻ ወደ አሸተን ላከ።

በማግስቱ ጠዋት ጭነቱ ተጀመረ። የሚሸከሙት የከተማው ወዛደሮች ናቸው። ጆንያ አንሥተው ሁለት እርምጃ ሄደው ያርፋሉ።

«ምን ሆናችኋል?» ጮኸ ሹፌሩ። «ከመሸ በኋላ መንገዱ የእኛ አይደለም! ጋሸናን በጊዜ ማለፍ አለብን!»

«ፍልሰታ ነው ወንድምዓለም» አለ አንደኛው ግንባሩን እየጠረገ። «ጾመኛ ጉልበት ከየት ያመጣል?»

«ትናንት ማታ ጠጅ ቤት ያየሁህ አንተ አይደለህ?»

«እሱ መንታዬ ነው። እሱ አይጾምም።»

ሳቅ ሆነ። ሻምበሉ ብቅ ሲል ሳቁ ጠፋ፤ ጆንያዎቹም መፍጠን ጀመሩ። በዚህ መሐል ከአሸተን የወረደው ሕዝብ መጣ። ማንም አልጮኸም፣ ድንጋይ ያነሣ የለም። ከመጋዘኑ ፊት ለፊት መጥተው ዝም ብለው ተቀመጡ። ወታደሮቹ ይህን አልለመዱም፤ ጠመንጃቸውን ከትከሻ ትከሻ ያዘዋውራሉ። እኔ በመጋዘኑና በሬዲዮ ክፍሉ መሐል ቆሜ ሁለቱንም በር አያለሁ። የመጀመሪያው መኪና ሞላ። ሁለተኛው ሞላ። ሦስተኛው ሞላ።

«የሞሉት ይውጡ» አለ ሻምበሉ።

«ሻምበል፣ ረፋዱን ብቻ ይታገሱ።»

«ቢመሽባቸውና መንገድ ላይ ቢያቃጥሏቸው አንተ ትጠየቃለህ?»

መኪኖቹ ወጡ። አቧራው የተቀመጠው ሕዝብ ላይ አረፈ፤ ማንም አላራገፈም።

አቧራው ሳይሰክን የሬዲዮ ሠራተኛው ከክፍሉ እየሮጠ ወጣ። ትዕዛዙ አጭር ነበር፤ ጭነቱ ይቁም።

«የወጡትስ?» አልኩት።

«ስለወጡት የተባለ የለም።»

ሻምበሉን ጋሸና ላለው ኬላ እንዲነግርልኝ ለመንኩት። ትዕዛዙን ደግሞ ሰማና፣ «ጭነቱ ይቁም ነው የሚለው። የወጣው ይመለስ አይልም» አለ። ደሴን ድጋሚ እንዲያገናኘኝ ጠየቅሁት። አንድ ጊዜ ነው ያልኩህ አለኝ። መኪና ስጠኝ ልከተላቸው ስለው ሳቀ፤ ከክፋት አይደለም። ማታ ላይ ጋሽ ደምሴ በሌላ በኩል ሰምተው ጋሸና ሲደውሉ መኪኖቹ ካለፉ ቆይተው ነበር። የመጋዘኑ እኩሌታ ሄደ። በሥራ ዘመኔ ብዙ ዜና ዘግይቶብኛል፤ እንደ እሱ የዘገየ ግን የለም።

የጽጌ አዲስ ውጤት ላስታን ቀይ አደረጋት። ጽጌ እዚያ ላይ አላቆመችም፤ ፕሮግራሙን ለወጠችው። ባዶ ቀን ከበዛ ማሽኑ «አላውቅም» እንዲል አደረገችው። አለቆቿ ተቆጡ። «በዚህ ሁሉ የውጭ ምንዛሪ ማሽን ገዝተን አላውቅም ይለናል?» ብለው በስብሰባ ጠየቋት። «አላውቅም ሲላችሁ ሰው ላኩ ማለት ነው» ብላ መለሰች። ከዚያ ወዲህ አላውቅም በተባለ ቁጥር ከሚላኩት አንዱ እኔ ሆንኩ፤ ከዚያ በኋላ ያለው የሥራ ዘመኔ በአብዛኛው በዚያ መንገድ አለፈ። ላስታ አካፈለች የሚለው ርዕስ አልወጣም። በምትኩ ጋሽ ደምሴ ቆመው አንብበው፣ አንድም ቃል ሳይሰርዙ ወደ አዲስ አበባ የላኩት ጽሑፍ በጋዜጣ አልታተመም፤ ለሹማምንት ብቻ ተበተነ። ያም ቢሆን ተነበበ።

ታኅሣሥ ላይ ስለ እደላው እንድጽፍ ወደ ላሊበላ ተመለስኩ። መጋዘኑ በር ላይ ሰልፉ እስከ ገበያው ወርዷል። መጀመሪያ የከተማው፣ ቀጥሎ የቅርብ አጥቢያዎች፣ በመጨረሻ የሩቆቹ ይሰፈርላቸዋል። መሪጌታ ኅሩይ ከእስር ወጥተዋል፤ ለኪነቱ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። ከስተዋል። ድርሻቸውን ተቀብለው ከግድግዳው ሥር ቆመው አገኘኋቸው።

«እንደምን ነዎት የኔታ?»

«እንደምታየው። እናንተ ማሽኑን አሳመናችሁት። እኛ እግዜርን ገና ነን።»

ከሰዓት በኋላ መጋዘን ጠባቂው ወለሉን ጠረገ፣ የተጠረገውንም ሰፈረ፣ ከዚያ በሩን ዘጋ። ሰልፍ ላይ የቀሩት ከሙጃ በኩል የመጡት ናቸው። ከመካከላቸው ወይዘሮ አጸደ አሉ። አወቁኝ።

«ያ የሄደው መኪና ይመለሳል?»

«አይመለስም እማ።»

«የሄደበት አገር ሰውስ፣ ርቦታል?»

«ርቦታል።»

«እንግዲያ ይብላው» አሉ። «እኛም ነገ እንነሣለን። ወደ ቆላ ነው እንግዲህ።» ባዶ ስልቻቸውን አጥፈው ብብታቸው ሥር አደረጉ።

«አንቺ ሴት!» አሉ መሪጌታው ከግድግዳው ሥር። «ስልቻሽን አምጪው።»

«ኧረ የኔታ፣ የእርስዎስ ቤት?»

«እኔ ሥራ ከፈታሁ ወዲህ ሆዴም ሥራ ፈትቷል። አምጪው አልኩሽ።»

ወይዘሮ አጸደ ዙሪያውን አዩ። አብረዋቸው የመጡት ወደ ሌላ ይመለከታሉ። ስልቻቸውን ዘረጉ። መሪጌታው ተንበርክከው በጣሳ እየሰፈሩ ይጨምሩላቸው ጀመር፤ በዚያ በማይናወጥ እጃቸው፣ ፍሬ መሬት ሳይነካ። የድርሻቸው እኩሌታ ላይ ሲደርሱ ወይዘሮ አጸደ የስልቻቸውን አፍ በሁለት እጃቸው ጨብጠው ዘጉት።

«ይጨመር እንጂ» አሉ መሪጌታው ጣሳውን እንደያዙ።

«በቃኝ» አሉ ወይዘሮ አጸደ። የስልቻውን አፍ አልለቀቁትም።